የበላኋቸው አስራ አራት ቀኖች

ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሚዋሽ ሰው አለ ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ያመመህን ትናገራለህ፣ መድኃኒትህን ትቀበላለህ፣ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ፤ ምን ያዋሻል? እኔ ግን ዋሸሁ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ያችን አንዲት ውሸት ላለማጋለጥ ስል ሁለት ዓመት ሙሉ ባሌን፣ ሰፈሩን፣ አስተግፊሩላህ፣ ፈጣሪዬንም ሳይቀር ሳታልል ኖርኩ። አሁን አርጅቻለሁ፤ በነገሩ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ልናገረው።

ነገሩ ከአንገቴ ይጀምራል። ከልጅነቴ እንቅርት ነበረብኝ። ልጅ ሳለሁ የቴምር ፍሬ ታክል ነበር፤ ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሎሚ አከለች፣ ከዚያ ብርቱካን አከለች፣ በመጨረሻ ስተኛ ትንፋሼን የምትዘጋ ሆነች። ባሌ "ሻሽ እየጠመጠምሽ እስከ መቼ ትደብቂያታለሽ?" ብሎ ከጀጎል ግንብ ውጭ አዲሱ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰደኝ። ፈረንጁ ሐኪም ቀዶ አወጣልኝ። ስድን በአስተርጓሚ እንዲህ አስባለኝ፦ ያወጣነው እጢ ታይሮይድ ይባላል፤ ለሰውነትሽ የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ከእንግዲህ ያንን ሥራ የሚሠራልሽ ይህ ክኒን ነው፤ በየቀኑ ትውጪያለሽ፣ ዕድሜ ልክሽን። እኔም ማለዳ ማለዳ አንዷን ክኒን በውሃ እየዋጥኩ ስድስት ዓመት በሰላም ኖርኩ። ሻሼን ላላ አድርጌ በፈረስ መጋላ ገበያ ሳልፍ የነበረኝ ኩራት! ሰው ጠባሳዬን እንዲያይልኝ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ ነው። ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ወልጄለት ሁለቱም አግብተው ወጥተዋል። ወንድ ልጅ አልወለድኩም። እሱ አንድ ቀን እንኳ አንስቶት አያውቅም፤ እኔ ግን በሆዴ በየቀኑ አነሳው ነበር። ታላቅ እህቱም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እትዬ ነበር የምላቸው። እትዬ ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ሌላ ሴት አገቡና እሳቸውን ፈተው ሰደዷቸው፤ ሳጥናቸውን አሸክመው ወደ ወንድማቸው ቤት ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ዝምተኛ ነበሩ። ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የወር አበባዬ ቀረ። እንደ ቀልድ አንድ ወር ቀረ፣ ሁለት ወር ቀረ፣ በዚያው ቀረ። ይህ በሌላ ቤት የሴትዮዋ የራሷ ምስጢር ይሆናል። በእኛ ቤት ግን አይደለም። እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ሴት በወር አበባዋ ቀን አትሰግድም፣ በረመዳንም አትጾምም፤ የበላችውን ቀን በኋላ መልሳ ትጾማለች። ስለዚህ አንድ ጣሪያ ስር የምትኖር ሴት የሌላዋን ቀን ሳትጠይቅ ታውቃለች። የኔ መስገጃ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላረፈም።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ግቢያችን ተሰብስበው ስፌት ይሰፋሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ሞሰብ በመስፋት ስሜ ይነሳ ነበር። አንድ ቀን የአሱርን ሶላት ሰግጄ ተመልሼ ስቀመጥ እትዬ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ "ማሻአላህ፣ ዘንድሮ ሶላት አላቋረጥሽም" አሉ። ይኸው ነው ያሉት። ከሴቶቹ ግን አንዷ ወስፌዋን እንደሰካች ቀና ብላ አየችኝ።

በዚያች ቅጽበት ያ ትኩሳት ተነሳብኝ። ሰሞኑን የጀመረኝ ነገር ነበር፤ ከደረቴ ይነሳና በአንገቴ አድርጎ ፊቴን ያነደዋል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ሴቶቹ ሁሉ ላቤን የሚቆጥሩት መሰለኝ። "የኔን ቀን እንዲቆጥሩ ማን ሾመዎት? እርስዎ መካኗ ስለ ሴት ቀን ምን ያውቃሉ?" አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው! በሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም በዚህ ምክንያት ከትዳራቸው ለተባረሩ ሴት።

እትዬ የጀመሩትን ዙር ጨረሱ፣ ስፌታቸውን አነሱ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሴቶቹ ጋር ግቢ ተቀምጠው ሰፍተው አያውቁም። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረ። ቁጣዬ ሲበርድ አፈርኩ፤ እኔ ደግሞ ሳፍር ይበልጥ ነው የምደነድነው።

ፍርሃቴ አንድ ነበር፤ ባሌ ያገባብኛል። ወንድ ልጅ የለውም። ሚስቱ መውለድ እስከቻለች ድረስ ተስፋ ያደርጋል፤ ካቆመችስ? ባሏ ያገባባት ሴት ምን እንደምትሆን በየቀኑ አያለሁ፤ እዚያው ቤቴ ውስጥ ተቀምጣለች። በዚያ ላይ ወንድምና እህት ሲያወሩ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም ማለት ጀመሩ። ምን ሊሆን ይችላል? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ሙሽራ እያፈላለጉ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ሰባት ቀን መስገድ አቆምኩ። ጎኔን ይዤ አቃሰትኩ። አዛን ሲል ሁሉም ተነስቶ ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ፣ እኔ ጥጌን ይዤ ስፌቴን ሰፋሁ። ባሌ ይህንን አይቶ ከገበያ ዝንጅብል ይዞልኝ መጣ። ከተጋባን ጀምሮ ልማዱ ነው፤ በዚያ ቀን ሆዴን ሲቆርጠኝ ዝንጅብል ወቅጬ በሻይ እጠጣለሁ፣ የሚያመጣልኝም እሱ ነው። ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ብልጠቴ ራሴን አስገረመኝ። በየወሩ እንዲሁ ቀጠልኩ።

ማስመሰሉ ትኩሳቱን አላቆመልኝም። ከሳሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ወስፌው ጣቴን ይወጋኛል። ክኒኑ ይሆናል ብዬ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። የፈረንጁ ሐኪም አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የሚያስተረጉምለት የሐኪም ረዳት የሆነ አንድ ድሬሰር ነበር። ድሬሰሩ ጺማም፣ በዕድሜ የባሌ እኩያ ነበር፤ ከባሌም ጋር አንድ አፎቻ ነበሩ፤ ሰርግም ለቅሶም አብረው የሚወጡ፣ ከሰዓት በኋላም አብረው ጫት የሚቀመጡ ሰዎች ማለቴ ነው።

ሐኪሙ የልቤን ምት ቆጠረ፣ እጄን ዘርጊ ብሎ መንቀጥቀጡን አየ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠራረገና ግድግዳ ግድግዳውን እያየ "ያ... የሴቶች ነገር፣ በጊዜው ይመጣል ወይ ይላል" አለኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይህ ሰው ነገ ከባሌ ጎን ትራስ ተደግፎ ጫት ይቀጥፋል። "አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም" አልኩ። አዎ ብል በበቃኝ፤ ግን ውሸታም ሰው መች ይበቃዋል። "እንደ ሰዓት ነው" ብዬ ጨመርኩበት።

ሐኪሙ ጻፈ። ምን ያድርግ? እኔ ካልነገርኩት በምን ያውቃል? የወር አበባዋ ያልተቋረጠ ሴት ካላባትና ልቧ ከመታ ጥፋቱ የክኒኑ ነው ብሎ አሰበ። "በዝቶባታል፣ ግማሹን ትዋጥ" አለ። እኔም ግማሹን መዋጥ ጀመርኩ።

ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ ረመዳን ሲመጣ ነው። ሶላት መተው አንድ ነገር ነው፤ በረመዳን በጠራራ ፀሐይ መብላት ሌላ። ግን ሰባቱን ቀን ካልበላሁ ማን ያምነኛል? እትዬ ራሳቸው ጾመኛ ሆነው ምሳዬን በሰሃን አድርገው ጓዳ ያስቀምጡልኝ ነበር፤ ሰው እንዳያየኝ መጋረጃውንም ይጎትቱልኛል። ከዚያ ከግቢው ጠብ ወዲህ ከአስፈላጊ ነገር በቀር አንነጋገርም፤ ምሳዬ ግን አንድ ቀን አልተጓደለም። በመጀመሪያው ቀን ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ አለቀስኩ። በሁለተኛው ቀን ዋጥኩት። በሦስተኛው ቀን፣ ያ ረቢ፣ "እትዬ፣ ጨው አንሶታል" ብዬ ተጣራሁ። ጨው አመጡልኝ።

ከበዓሉ በኋላ እንደ ማንኛዋም ሴት የበላሁትን መልሼ ልጾም እችል ነበር፤ ማንም አይጠረጥረኝም። ግን ያን ጊዜ ድካም ጀመረኝ። ነገ እጾማለሁ እያልኩ ነገ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ትኩሳቱ ደግሞ ለክኒኑ መቀነስ ግድ አልሰጠውም፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። "ያ ነገርስ?" አስባለኝ። ድሬሰሩ አሁንም ግድግዳውን ያያል። "እንደ ሰዓት ነው" አልኩ። ሐኪሙ ግራ ገባው መሰለኝ፣ ካርዴን ወዲያና ወዲህ አገላበጠ፣ በመጨረሻ ግማሿን ክኒን እንደገና ለሁለት አስከፈላት። በምላጭ ስከፍላት ሩቧ ምስር አታክልም። የኔ ነገር፣ ያችን እየዋጥኩ ሐኪሙን በሆዴ እራገመው ነበር! "አያውቅም፣ ፈረንጅ ሁሉ ሐኪም አይደለም" እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውነቴ ቀስ በቀስ ሥራውን ተወ። ፊቴ አበጠ፣ የዓይኔ ቆብ ከበደኝ፣ ድምፄ እንደ ወንድ ጎረነነ፣ ጸጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ወጣ። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ጥላ ሲፈልግ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ብርድ ያንቀጠቅጠኛል። ሞሰብ ይዤ ተቀምጬ ሁለት ዙር ሳልሰፋ አሸልባለሁ። የምሰፋውም ተንጋደደ፤ ቀዩን ስንደዶ አስገባለሁ ባልኩበት ጥቁሩን አስገብቼ አገኘዋለሁ። ሴቶቹ አይተው እንዳላዩ ይሆኑልኛል። አንድ ቀን ትናንት ያበላሸሁት ዙር ተተርትሮ፣ ተስተካክሎ ተሰፍቶ አገኘሁት። ማመስገን ሲገባኝ "ማነው ስፌቴን የነካው?" ብዬ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። እትዬ ጓዳ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ረመዳን መጣ። ሰባት ቀን በላሁ። በዚህኛው አላለቀስኩም።

ሆዴም አብጦ ነበር። ከስፌት ጓደኞቼ አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አንቺ፣ ደበቅሽን አይደል? ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ። አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። "አላህ ያውቃል" አልኩ። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ አረገዘች አለ። ከየቤቱ ሾርባ ይላክልኝ ጀመር።

የሚገርመው፣ እፎይ አልኩ። እርጉዝ ሴት የወር አበባ የላትም፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በየቀኑ መስገድ እችላለሁ። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ከድኜ ወደ መስገጃዬ ተመለስኩ። ባሌ ወሬውን ሰምቶ ፊቴን አየት አደረገና ፀሐይ እንድሞቅ ትራስ ወደ ግቢው አወጣልኝ። ክፉ ዓይን ፈርቶ ነው ደስታውን የደበቀው ብዬ አዘንኩለት። አንዳንዴም፣ አሁን እንኳ አልዋሽም፣ እውነት ቢሆንስ ብዬ ሆዴን እዳብስ ነበር። ሰው ራሱን እስከዚህ ያታልላል።

አንድ ቀን የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ስሰግድ በየሶላቱ የምትባለዋ የቁርአን መክፈቻ፣ ፋቲሓ፣ ጠፋችብኝ። ሰባት አንቀጽ ናት፤ አፌን ስፈታ አብሬ የተማርኳት ናት። "አልሐምዱ ሊላሂ" ብዬ ጀመርኩና ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ሆነብኝ። እንደገና ጀመርኩ። ባዶ። ያበጠ ምላሴ አፌ ውስጥ ተጋድሞ መስገጃዬ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አላህ ቃሉን ከአፌ ነጠቀኝ አልኩ፤ የቀለድኩበትን ያህል አሁን እሱ ዘጋኝ አልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እትዬ ከኋላዬ ኖረዋል። ድምፃቸውን ቀስ ብለው ከፍ አድርገው የቀረውን በቃላቸው አሉልኝ። እንደ ሕፃን ቃል በቃል እየተከተልኳቸው ጨረስኩ።

ሶላቱን ጨርሼ አሰላመትኩና ወደሳቸው ዞርኩ። "እትዬ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ" አልኳቸው። ለምን አላሉኝም።

በማግስቱ ማለዳ ክንዴን ደግፈው ወጣን። በዚያ ጠባብ መንገድ ሰው ሲያልፍ ግድግዳ ተደግፌ አርፋለሁ። ፈረስ መጋላ ስንደርስ የሚያውቁን ሁሉ ከየሱቁ "እንኳን ደስ ያለሽ! በሰላም ያገላግልሽ!" ይሉኛል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እትዬ ለእያንዳንዱ "ሐኪም ቤት እየሄድን ነው፣ ዱዓ አድርጉልን" እያሉ ይመልሳሉ። አሚንም አይሉ፣ አይደለምም አይሉ። እግሬ አልሄድ ሲለኝ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ያኔ ነው ይህች ሴት ካዋረድኳት ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠብቃኛለች ብዬ ማሰብ የጀመርኩት።

ሆስፒታሉ ስንደርስ እትዬ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀሩ። ውስጥ የተቀመጠው ያው ሐኪም፣ የቆመውም ያው ድሬሰር ነው። ጥያቄ እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግኩና በዚህኛው ጊዜ ግድግዳውን እያየሁ የተናገርኩት እኔ ነኝ። "ያ የሴቶች ነገር ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ጊዜ ጠይቃችሁኝ ሁለቱንም ጊዜ ዋሽቻለሁ። እርጉዝም አይደለሁም። ይንገሩት።"

ድሬሰሩ ድምፁ ሳይለወጥ ተረጎመ። ሐኪሙ ካርዴን ሲያይ ቆየ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፣ ፊቱ ቀልቶ ረጅም ንግግር ተናገረ። ሲጨርስ ድሬሰሩ ወደኔ ዞሮ "አይዞሽ ይላል" አለኝ። ያ ሁሉ ንግግር አይዞሽ ብቻ እንዳልነበረ አልጠፋኝም። ቆይቶ ሐኪሙ ሲረጋጋ ነገሩን አስረዳኝ። ትኩሳቱና ላቡ የዕድሜዬ ነበር እንጂ የክኒኑ አልነበረም፤ በጊዜው ያልፋል። ክኒኑ ያለ ጥፋቱ ተቀነሰ፤ ሰውነቴ ያበጠውና የደነዘዘው ያንን በማጣቱ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ድሮው መጠን እንድመለስ አዘዘልኝ። ያችን አንዲት ጥያቄ በእውነት ብመልስ ኖሮ ክኒኔን የሚነካ አልነበረም።

ወሬ ያወጣብኛል ብዬ የፈራሁት ያ ድሬሰር የሰማውን እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተናገረም። ያንን የማውቀው ቢናገር ኖሮ በአንድ ቀን ስለሚደርሰኝ ነው። እሱንም በከንቱ ነበር የጠረጠርኩት።

ለባሌ መንገር ቀረኝ። ጥቂት ቀን አመነታሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነደባው ላይ፣ ያ በቀይ አፈር የተቀባው የቤታችን መደብ ላይ፣ ትራሱን ተደግፎ ጫቱን ሲቀጥፍ ከታችኛው እርከን ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ልጅ የለም" አልኩት። "ኖሮም አያውቅም። የወር አበባዬም ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ስታየው የነበረው ሁሉ ማስመሰል ነው።"

ቅጠሉን መቀንጠሱን አላቆመም። "አውቃለሁ" አለኝ።

"እትዬ ነግረውህ ነው?"

"ማንም አልነገረኝም። ስንት ዓመት ነው ዝንጅብል ያመጣሁልሽ? በዚያ ቀን ሳልቀመጥ ነበር ከእጄ የምትነጥቂኝ። ሂጂና መደርደሪያውን እይው። የሁለት ዓመቱ ዝንጅብል እንጨት ሆኗል።"

አይ እኔ! ሶላቱን አስቤያለሁ፣ ጾሙን አስቤያለሁ፣ ጎኔን ይዞ ማቃሰቱን አስቤያለሁ። ዝንጅብሉን ረሳሁት።

"እያወቅክ ለምን ታመጣልኝ ነበር?"

"ብተው ማወቄን ታውቂያለሽ።"

"ለምን ዝም አልከኝ ታዲያ?"

"እህቴን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት። ተዋት፣ ራሷ እስክትናገር አትንካት አለችኝ። ስታብጪ ጊዜ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ አልኳት፣ አሁንም ትንሽ ጠብቅ አለችኝ። በዚህኛው ሁለታችንም አጥፍተናል።"

እኔ ስገባ የሚቋረጠው ወሬ ይህ ነበር። "እኔ እኮ ልታገባብኝ ነው ብዬ..." አልኩና መጨረስ አቃተኝ።

ያኔ ነው መቀንጠሱን ያቆመው። ቀና ብሎ አየኝ። "ማንን?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። ያን ቀን እንዳፈርኩ በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ አብሬው በልቼ፣ ሰውዬውን አላውቀውም ነበር።

የበላሁት የረመዳን ቀን እንዳለብኝም ነገርኩት። ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ አስራ አራት አልኩት። ክኒኑ ወደ ድሮው ተመልሶ፣ ፊቴ ወደ ፊቴ ተመልሶ፣ ፋቲሓም ያለ አጋዥ መውጣት ስትጀምር ሐኪሙ ብትጾም አይጎዳትም አለ። ወሩ ረመዳን አልነበረም። የመጀመሪያውን ቀን ጾሜን ይዤ ለባሌ ምሳውን ሳቀርብ "አንሺው፣ እኔም ጾመኛ ነኝ" አለኝ። አስራ አራቱንም ቀን አብሮኝ ጾመ። ጎረቤት ያለ ወሩ ምን ያስጾማችኋል ሲለው "እኔ ስለት ነበረብኝ፣ እሷ አግዛኝ ነው" ይል ነበር። ለጨርቅ ዋጋ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ለኔ ሲል ዋሸ። እርግዝናውንም ሰዉ ቀስ እያለ ረሳው፤ ጨነገፈባት ያለም አለ፣ ዝም ያለም አለ።

ትኩሳቱ ያኔም ይመጣ ነበር። በስንደዶ ማራገቢያ ሰፋሁለት።

በእነዚያ ቀኖች ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምርና ሾርባ ይዘው የሚመጡት እትዬ ነበሩ። ስለት ነው አልተባሉ፣ ምንድን ነው አላሉ፤ ሰሃኑን አስቀምጠው ይሄዳሉ። በአስራ አራተኛው ቀን ባሌ ለመግሪብ ወደ መስጊድ ወጥቶ ነበር። እትዬ ሰሃኑን አስቀምጠው ሊነሱ ሲሉ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዝኩ።

"እትዬ፣ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ለተናገርኩዎት ቃል አፉ ይበሉኝ። በሰው ፊት ነው የተናገርኩት፣ በሰው ፊትም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። አፉ ይበሉኝ።"

አጠገቤ ተቀመጡ። ከሰሃኑ አንድ ቴምር አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ያን ቀን እኔም አፌን ብዘጋ ኖሮ አትጀምሪውም ነበር" አሉ። ቀጥለው "ስለ ሴት ቀን ምን ያውቃሉ ነው ያልሽኝ አይደል?" አሉኝ።

አቀረቀርኩ።

"ያንቺ ስንት ቀን ነበር?"

"አስራ አራት።"

"የኔ ሰላሳ አምስት ነበር" አሉ እትዬ። "አምስት ረመዳን፣ እኔም የቀረውን እንዳልቀረ እያስመሰልኩ። ባሌ ግን ያው አገባ። ሰላሳ አምስቱን እዚህ ቤት ከመጣሁ በኋላ ነው የጾምኩት። አንቺ አላስተዋልሽም። ብቻዬን ነው የጾምኩት።"

ምሳዬን ጓዳ ሲያስቀምጡልኝ ያውቁ ነበር። መጋረጃውን ሲጎትቱልኝ ያውቁ ነበር። ጨው አንሶታል ብዬ ስጣራ ጾማቸውን ተነስተው ጨው ያመጡልኝ ምን እያደረግኩ እንደሆነ እያወቁ ነው።

ውጭ አዛኑ ተሰማ። "በይ አፍጥሪ" አሉኝ። ቴምሩን ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ።